ባለ ጣሪያው ድልድይና የሰዓዳ ዚር

ሰው ጣሪያ ባየ ቁጥር ለእሱ የተሠራ ይመስለዋል። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ዝናብ ሲጥል የማናውቀው ሰው በረንዳ ሥር ዘው እንላለን፤ ባለቤቱ ብቅ ብሎ "ምን ፈልጋችሁ ነው?" ቢለን የምንቀየመው እኛው ነን። የሱቅ ሸራም ሆነ የፌርማታ ቆርቆሮ፣ የቆመ የጭነት መኪና ሆድ ሳይቀር፣ ከላዩ ነገር ያለው ሁሉ ለእኛ አናት ታስቦ የተዘረጋ ይመስለናል። ካርቱም ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ከተማ በቀትር ሃፍላ የሚጠብቁ ሰዎች (ሃፍላ የምላችሁ ያቺን ሰው እንደ ሰርዲን የምትጠቀጥቅ አውቶቡስ ነው) በአንድ የመብራት ምሰሶ ጥላ ላይ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ሲቆሙ አይቻለሁ። ጥላው ሲዞር ሰልፉም አብሮ ይዞራል። እኔም ተሰልፌ ዞሬአለሁ።

ግን ጣሪያ ሁሉ የእኛ አይደለም። ይህችን ለመማር አንድ ድልድይ፣ አንድ የውሃ ጋንና ግማሽ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም አስፈልጎኛል። ቀለሙ የእኔ ነበር። ስሜ ደርቤ ነው፤ ሥራዬ ቀለም ቀቢነት ነው፤ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ካርቱም ውስጥ ያልቀባሁት የግቢ በር ቢኖር በር የሌለው ግቢ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለጉራ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ለጉራም ነው።

ነገሩ የጀመረው ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ቤት ነው። ሰውየውን ሁሉም "ባሽ ሙሐንዲስ"፣ ዋና መሐንዲስ እንደማለት፣ ይላቸዋል። እኔ ግድግዳ እቀባለሁ፣ ጓደኛዬ እንድሪስ ደግሞ በሮቻቸውን ይጠግናል። እንድሪስ የወሎ ሰው ነው፤ አናጢ ነው፤ ሱዳኖቹ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው እንደሚጠሩት "ኡስታ" ይሉታል፣ እኛም ተከትለን ኡስታ እንለዋለን። ዝምተኛ ነው። ዝምታውን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። ግድግዳውን ለመቀባት የተሰቀለውን ሁሉ ሳወርድ አንድ የቀን መቁጠሪያ እጄ ገባ። የባሽ ሙሐንዲስ ልጅ ከአሜሪካ የላከችው ነው። ዐሥራ ሁለት ወር፣ ዐሥራ ሁለት ሥዕል፤ በያንዳንዱ ሥዕል ላይ ከወንዝ በላይ የቆመ የእንጨት ቤት። ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ በር ግን በዚህም በዚያም በኩል ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ባሽ ሙሐንዲስ፣ እነዚህ ሰዎች መሬት ጠፍቶባቸው ነው ውሃ ላይ ቤት የሚሠሩት?" አልኳቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ቤት አይደለም፣ ድልድይ ነው አሉ። አንዳንዱ አሜሪካ ነው፣ አንዱ የስዊስ ተራሮች ሥር፣ አንዱ ቻይና፤ የቻይናው ጣሪያ በጣሪያ ላይ ተደራርቦ ከድልድይነቱ ይልቅ ኩራቱ ይበልጣል። "ድልድይን ጣሪያ ያለበሱት ለምን ይመስላችኋል?" ብለው ጠየቁን። እንድሪስ አስቦ አስቦ "ለመንገደኛ ነው፣ ዝናብ እንዳይመታው" አለ። እኔ ደግሞ ለሙሽሮች ነው አልኩ፤ ፎቶ መነሻ። እሳቸው ሳቁ። ድልድዮቹ ባሉባቸው አገሮችም ብዙ ይባላል አሉን፤ ፈረሱ ውሃውን አይቶ እንዳይደነብር ነው የሚልም አለ። ከዚያ እጃቸውን በሚጠገነው በር ላይ አሳርፈው "ጣሪያው የሰው አይደለም። የእንጨቱ ነው" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ውሃ ብቻውን አይገድለውም፤ መርጠቡና መድረቁ፣ ደግሞ መርጠቡ፣ ውስጡ ታፍኖ መቅረቱ ነው የሚያበሰብሰው። የእንጨት ድልድይ ጉልበቱ ደግሞ በምንረግጠው ወለል ላይ አይደለም፤ ወለሉ ቢያረጅ ጣውላ ይቀየራል። ጉልበቱ ከጎንና ከጎን ቆመው ሸክሙን በሚይዙት እንጨቶች ላይ ነው። ራቁቱን የቀረ ድልድይ ሠሪው ሳይሸብት ይወድቃል፤ የተሸፈነው ግን ሠሪውን ቀብሮ የልጅ ልጆቹን ያሻግራል። ባሽ ሙሐንዲስ ይህን ሲያስረዱን መምህርነት ተነሣባቸውና ከእንድሪስ ቁርጥራጭ እንጨት አራቱን አንስተው በአራት ማዕዘን በምስማር አስመቱት። "ግፋው" አሉኝ። ብገፋው ተንጋደደ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ እንጨት በሰያፍ አስመቱበት። "አሁን ግፋው።" አልነቃነቅ አለኝ። ሦስት ማዕዘን እልኸኛ ነው፤ እንጨቱ ካልተሰበረ በቀር ቅርጹን አይለቅም። ድልድዮቹ ከግድግዳቸው ውስጥ የደበቁት ይህንኑ ነው፣ ሰያፍ በሰያፍ ላይ።

እኔ ግን በጣም የወደድኳት ሌላዋን ነው። በእነዚያ ብርድ አገሮች በክረምት ጋሪው ጎማውን ጥሎ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት እግር ይሄድ ነበር አሉ። ጣሪያው በረዶውን ስለሚከለክል የድልድዩ ወለል ደረቅ ይሆናል፣ ደረቅ ጣውላ ላይ ደግሞ ያ እግር አይንሸራተትም። ስለዚህ ሰው ተመድቦ በአካፋ በረዶ እያስገባ ወለሉ ላይ ይበትን ነበር። ከልክለው ሲያበቁ ራሳቸው ተሸክመው ያስገቡታል! እንድሪስ፣ ያ ዝምተኛ፣ የሚጠግነው በር ላይ ተቀምጦ ሳቀ። አንዳንዶቹ ድልድዮች ጣውላ በጣውላ እየተቀየሩ የመጀመሪያው እንጨት ከውስጣቸው አልቋል፣ ታዲያ ያው ድልድይ ናቸው ወይስ ሌላ እየተባለ ዛሬም ያከራክራል ሲሉን እንድሪስ አፉን ከፈተ፦ "ኢቃማው ከታደሰለት ያው ነው።" ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀታችን ነው። የካርቱም ሐበሻ ሁሉን ነገር በእሱ ነው የሚለካው።

እኔ ወሬውን ሰምቼ ረሳሁት። እንድሪስ አልረሳም። የምንኖረው ካላክላ ነው፣ ከከተማው ደቡብ፤ ኪራይ ርካሽ የሆነበትና ሃፍላ ሲመጣ ክርንህን የምትስልበት ሰፈር። ከግቢያችንና ከሃፍላው መንገድ መሐል አንድ ኾር፣ የጎርፍ ቦይ ማለት ነው፣ ያልፋል። በበጋ ፍየል ይተኛበታል። ኸሪፍ ሲገባ፣ ክረምቱ፣ አንድ ሌሊት የዘነበ እንደሆነ ጠዋት ላይ ሌላ አገር ሆኖ ይጠብቀናል። መሻገሪያችን ተገንጥሎ የተጣለ የብረት በር ነበር። ከግድግዳዬ ማዶ የምትኖረው ሰዓዳ፣ የከሚሴ ልጅ፣ ዐማራት ሰው ቤት የምትሠራ፣ ባለፈው ክረምት ከዚያ በር ላይ ተንሸራታ ጎርፉ ውስጥ ወደቀች። ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣት። ጫማዋን ውሃው ወሰደው፤ ከነጭቃዋ ሥራ ብትሄድ እመቤቲቱ ደጅ ላይ አቁማ አጠበቻት። እንድሪስ ይህን በሰማ በሳምንቱ ከፈረሰ ቤት መቃንና ወራጅ መሰብሰብ ጀመረ።

ሁለት ረጃጅም የሱንጥ ግንዶች አጋደመ። ሱንጥ ጀልባ የሚሠራበት ግራር ነው፣ ብርቱ ነው፤ እነዚህ ግን ገና እርጥብ ነበሩ። በላያቸው ግራና ቀኝ ሰያፎቹን አቆመ፤ በላዩ ወራጅ፣ በላዩ ቆርቆሮ። ርዝመቱ ስምንት እርምጃ ነው። ሰፈርተኛው ሊያየው መጣ። "ኡስታ፣ ቤት ነው ወይስ ድልድይ?" ይሉታል። "ድልድይ።" "ታዲያ ጣሪያው ለማን ነው?" "ለእንጨቱ።" ሰዉ ተያይቶ ይሄዳል። ደግ ሰው ነው፣ ፀሐይ መታችው መሰለን እያሉ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እንድሪስ እህቱን ሊድር ገዳሪፍ ሄደ። ሲሄድ "እንጨቱን አትንኩት፣ ዓመት ይተንፍስ" ብሎ ነበር። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጤ አንገበገበኝ። ከአንድ ግቢ በር የተረፈ ግማሽ ጣሳ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነበረኝ፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቀው ዓይነት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። በእኛ በኩል ካለው የግንዶቹ ጫፍ ጀመርኩ፤ ከላይም ከታችም ከጎንም፣ ደግሜ ደራርቤ ለበጥኩት። ወደ መሐል ሳልደርስ ጣሳው አለቀ። ግማሽ አረንጓዴ ድልድይ ሆነ። እንድሪስ ተመልሶ መጣ፣ ቆሞ አየው፣ ጫፉን በመዳፉ ዳበሰው። "ቀለሙ ያምራል" አለ። እኔም ያምራል ብዬ አመንኩ።

ክረምቱ አለፈ። ሰዓዳ ጫማዋ ሳይረጥብ ስትሄድ ስትመጣ ከረመች። ታዲያ በዚያው በጋ እናቷ ከሚሴ ላይ ሞተች። የሰማችው በስልክ ነው፣ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች። መሄድ አልቻለችም፤ ከወጣች ወረቀቷ መልሶ አያስገባትም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘኑን የት እንደሚያወርደው አያውቅም። ሰዓዳ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ገበያ ሄደች፤ አንድ ትልቅ ዚር፣ ውሃ የሚያቀዘቅዝ የሸክላ ጋን፣ ከነብረት እግሩ ይዛ መጣች፤ ድልድዩ መሐል፣ ጥላውና ነፋሱ በሚገናኙበት ቦታ አቆመችው። ለእናቷ ነፍስ ሰደቃ ነው። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ትሞላዋለች። የቆርቆሮ ኩባያ በገመድ አሰረችበት። ከሃፍላ የወረደው፣ ረክሻ የሚሉት የባጃጅ ነጂው፣ ከሰል ሻጩ፣ ሁሉም እዚያ ቆሞ ይጠጣል፤ ጠጥቶ ሲያበቃ አፉን ጠርጎ "አላህ የርሐምሃ" ይላል። አላህ ይማራት። አንድ ኩባያ፣ አንድ ዱዓ። ሰዓዳ እናቷን የምትቀብረው በዚህ ነበር፣ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ።

ሰው ሁሉ ይመርቃታል። እኔ ግን ወለሉን አያለሁ። ዚር ያልበዋል፤ ካላላበው አያቀዘቅዝም። ሥሩ ገበታ ብታስቀምጥለትም የኩባያው ጠብታ ጣውላውን ሁልጊዜ እርጥብ ያደርገዋል። ያቺ የበረዶዋ ወሬ ትዝ አለችኝ። ውሃ እንዳይነካው ጣሪያ የለበሰ ድልድይ፣ ውሃውን ራሳችን በእንስራ ተሸክመን አስገባንበት! ይህን ለእንድሪስ ብነግረው "እም" አለ። የሚቀጥለው ክረምት ሲቃረብ ድልድዩ ማቃሰት ጀመረ። ስትረግጠው ይንቀጠቀጣል፤ ከሰል ሻጩ ጋሪውን ይዞ ለመሻገር ፈራ።

"ዚሩ ነው" አልኩት እንድሪስን።

"ሳይከፈት አይታወቅም። ዓርብ እከፍተዋለሁ።"

"ዝናቡ ደረሰ እኮ። ንገራትና ታንሳው።"

"ለእናቷ ያቆመችውን እንዴት ብዬ አንሺ እላታለሁ?"

ይሉኝታ ይዞት ነው አልኩ በልቤ። እኔ ይሉኝታዬ ከቀለም ጋር ሲደባለቅ ያለቀብኝ ሰው ነኝ። ሐሙስ ማታ ሰዓዳ ከሥራ ስትገባ ድልድዩ ላይ አገኘኋት። ለክፋት አልነበረም፤ ድልድዩ ቢወድቅ መጀመሪያ ጎርፉ ውስጥ የምትገባው እሷ ናት። ግንዱ ከሥር እየበሰበሰ ነው፣ ከዚሩ ውሃ ነው፣ ቢነሣ ይሻላል አልኳት።

"ኡስታ ነው እንዲህ ያለው?"

"ኡስታም ያውቃል" አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አልነበረም።

ዚሩን አየችው። ልትከራከረኝ ጠብቄ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ ሦስት ማዕዘን ሳይቀር። "እሺ ጋሽ ደርቤ" አለች ብቻ። የቀረውን ውሃ በኩባያ እየቀዳች ከድልድዩ አጠገብ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አፈሰሰችው፤ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ እሷና አንዲት ጎረቤት ዚሩን ተሸክመው ወደ ክፍሏ አስገቡት። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብፈልግም አልችልም።

ዓርብ ጠዋት ሰው ወደ ድልድዩ እየመጣ፣ እጁን ወደ ለመደው ኩባያ ሰዶ፣ ባዶ ቦታ ሲያገኝ እኔን ያያል። እንድሪስም አየኝ። ጣውላዎቹን መንቀል ጀመረ፤ እኔ ምስማሩን እቀበላለሁ። መጀመሪያ መሐሉን ከፈትን፣ ዚሩ ቆሞበት የነበረውን። እንድሪስ መሮውን ግንዱ ላይ አሳርፎ በመዶሻ መታ። መሮው ነጠረ። ደግሞ መታ፤ እንጨቱ እንደ ድንጋይ ጮኸ። ጣውላው ከላይ ቢረጥብም ግንዱ ራቁቱን ነው፣ ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል፤ የካርቱም አየር ደግሞ ከሃፍላ ከወረደ ሰው ሁሉ የበለጠ የጠማው ነው። ጠብታውን ሳያድር ይጠጣዋል።

ወደ ጫፉ ሄድን። አረንጓዴው እንደተቀባበት ዕለት ያብረቀርቃል። እንድሪስ መሮውን አሳረፈ፤ መዶሻ ሳያነሣ በእጁ ብቻ ቢገፋው የበሰለ ድንች እንደሚወጋ ሰው እስከ እጀታው ድረስ ገባለት። ቀለሙን ገሸለጠው። ቆዳው ብቻ ነው የቀረው፤ ውስጡ የቡና አተላ ሆኗል። እርጥብ እንጨት በዘይት ቀለም ሲታፈን ላቡ መውጫ ያጣል፤ ላቡን መልሶ ይጠጣዋል፣ ከውስጥ ያልቃል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። እኔ ደግሞ ያላከክሁት በሞተች እናት ላይ ነው።

"መቼ አወቅህ?" አልኩት።

"መበስበሱን ዛሬ ነው ያየሁት። መፍራት የጀመርኩት ከገዳሪፍ የመጣሁ ቀን ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበር" አለ።

 ለእኔ ደስታ ብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ለገዛ ድልድዩ እየፈራ ዝም ያለ ሰው ፊት ቆሜአለሁ፤ እኔ ለሰዓዳ ሐዘን አንድ ሌሊት እንኳ ዝም ማለት አቅቶኝ። አፈርኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ስድብ ቢያንስ መልስ አለው። የበሰበሱትን ጫፎች ቆርጦ ደረቅ እንጨት በሰያፍ እየገጠመ ቀጠላቸው፤ ከሥራቸው ድንጋይ ደለደለ፣ አፈር እንዳይነካቸው። አረንጓዴውን ቅሬት በሙሉ በመስታወት ስባሪ የፋቅኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ በካርቱም ፀሐይ። ጣሪያው የሰው አይደለም ያሉት ሽማግሌ ትዝ እያሉኝ ከጣሪያው ሥር ነው የሠራሁት።

ቅዳሜ ማታ የሰዓዳን በር አንኳኳሁ። ዚሩ ከአልጋዋ አጠገብ ባዶውን ቆሟል፣ ኩባያው አፉ ላይ ተደፍቶ። ሁሉንም ነገርኳት። ቀለሙን፣ የጣሳውን ማለቅ፣ ኡስታ እንዳላለ፣ እኔ እንዳልኩ።

"ድልድዩ አሁን ይቆማል?"

"ይቆማል።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ" አልኩ እኔ፣ የማርያም ልጅ።

"ሐሙስ ማታ፣" አለች፣ "ውሃውን ስደፋው እማዬን ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ።" አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ዓይኔን የጠረግሁት። ከዚያ ኩባያውን አንስታ በእጄ አስያዘችኝ። "እኔ ጠዋት ሃፍላ ያመልጠኛል። ዚሩን አንተ ተሸከመው። አንተው ትሞላዋለህ፣ እኔ 'በቃህ' እስከምልህ።"

ዚር ባዶውን እንኳ እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ድልድዩ መሐል አቆምኩት፣ እግሩን አስተካከልኩ፣ በሦስት ምልልስ ሞላሁት። በቀለም ባልዲዬ እንዳልሞላው ሰዓዳ አስቀድማ የራሷን ባልዲ ደጄ ላይ አስቀምጣ ነበር የሄደችው፤ ታውቀኛለች። ያ ድልድይ ዛሬ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ጦርነቱ ሁላችንንም በየአቅጣጫው በተነን። ሰዓዳ አንዳንዴ ትደውላለች፤ "በቃህ" ብላኝ ግን አታውቅም። ከካላክላ እስከወጣሁበት ጠዋት ድረስ እየሞላሁ ኖርኩ።

ያን የመጀመሪያውን ጠዋት ግን ልጨርስላችሁ። ከሰል ሻጩ ጋሪውን እየገፋ መጣ፤ ድልድዩን በእግሩ ፈተነው፣ አላቃሰተም። ቆሞ አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጣ፣ አፉን ጠረገና "አላህ የርሐምሃ" አለ። ሰዓዳ ሥራ ላይ ናት። ዙሪያዬን አየሁ፣ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

"አሚን" አልኩ።